የመነጽር ኪስ

ድንኳኑ ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣሪያውን በጥፍሬ ስፍቅ ሻጩ ከታች ጮኸ። «እትዬ፣ ለማሳያ እኮ ነው የተሰቀለው! ይጎዱብኛል!»

«በጥፍር የሚጎዳ ከሆነ ዝናብ ሲመጣ ምን ሊውጠው ነው?» አልኩት።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ መሰላሉን ይዞ ከት ብሎ ሳቀ። «ተዋት ወንድሜ፣ እሷ ሸራ ካየች ሰው አትሰማም» አለው።

እውነቱን ነው። ሥራዬ የመኪና ወንበር ማልበስና የጭነት መኪና ሸራ መስፋት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭንና ነገር የምወጋ ስለሆንኩ «መርፌ» ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ ራሱ ጋሼ ነው፤ እናታችን ስንት ቀን አስባ ያወጣችልኝ ስም የት እንደገባ እንጃ።

የምንመርጠው በመኪና ጣሪያ ላይ ታጥፎ የሚታሰረውን ዓይነት ድንኳን ነበር። የመሸበት ቦታ መኪናውን ታቆማለህ፣ ድንኳኑን ትዘረጋለህ፣ በመሰላል ወጥተህ ትተኛለህ። ይኸው ነው። ግን መምረጡ እንዲህ ቀላል መስሎህ ሱቅ ብትገባ ጉድህ ፈላ። አንዱ እንደ ሻንጣ ክዳን ብድግ የሚል ነው፤ ለመክፈት ይቀላል፣ ግን ውስጡ ስትገላበጥ ክርንህ ግድግዳ ይመታል። ሌላው ያምራል፣ ስፌቱ ላይ ግን ከውስጥ የተለጠፈበት ነገር የለም። ዝናብ ደግሞ በሸራው መሃል አይገባም፤ በመርፌ ቀዳዳ ነው የሚገባው። ሦስተኛውን ዚፑን ሁለቴ ከፍቼ ዘግቼ «ይሄ እስከ ከተማው መውጫ አይደርስም» አልኩና ትቼው ወረድኩ። የያዝኩትን የመጠጥ ውሃ አንዱ ላይ ባፈስስበት ሻጩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

በመጨረሻ የወደድኩት ሁለት ላይ የሚታጠፍ ወፍራም ሸራ ነው። ስፌቱ ድርብ፣ መስኮቱ በአራቱም በኩል፣ ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ የመሰላሉ መርገጫ ሰፊ። የቀኝ ጉልበቴ የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሮ ከተጣላኝ ሰንብቷል፤ በቀጭን ብረት ላይ አልቆምም። «ይሄ ነው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ጋሼ። «ለረጅም ሰውስ ይበቃል?»

«የምን ረጅም ሰው? በዘራችን ረጅም አለ እንዴ?»

«እንዲያው ነው» አለና ኪሱን መዳበስ ጀመረ። እኔ ሞኟ ሳቅኩ።

ይህን ጉዞ ምን ያህል እንደጠበቅኩት ካልነገርኩ የተደረገብኝ ነገር አይገባም። አባታችን መንገድ ቀያሽ ነበር። ሩቅ ያለ፣ ተራራ ዞሮ ሐይቅ ዳር የሚያልቅ መንገድ አለ፤ ድንጋዩን ረግጦ የለካው እሱ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ጋሼን በፒክአፑ ይዞት ይሄድ ነበር። ከኋላ ጭነቱ ላይ ሸራ ወጥረው ይተኛሉ። ተቀድዶ ሲመጣ ያንን ሸራ የምጥፈው እኔ ነኝ፤ ስፌት የለመድኩትም በእሱ ነው። «እኔስ?» ስል አባባ «አንቺ ስታድጊ» ይለኛል። ጋሼ ሲመለስ ደግሞ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያወራልኛል። መንገዱ የመጨረሻውን ኩርባ ሲዞር ውሃው በአንዴ ድንገት ይታያል፤ ያኔ አባባ ክላክስ ያደርጋል፤ ወፎቹ በሙሉ ብር ብለው ይነሳሉ። ስንቴ እንዳስወራሁት! እንቅልፍ ሲወስደው ቀስቅሼ «ወፎቹጋ ደርሰህ ነበር» እለው ነበር።

እኔ አደግኩ፣ አባባ ሞተ። ጋሼ እናታችን ፊት «መርፌን እኔ አሳያታለሁ፣ ዕዳው የኔ ነው» አለ። ፒክአፑ በእሱ ስም ሆነ፤ የሁለታችን ነው ተባለ፣ አለቀ። ከወንድሜ ጋር የምን ወረቀት! ወንበሮቹን ያለበስኩት እኔ፣ ጋቢናውን እንደ ሙሽራ ያስጌጥኩት እኔ። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፤ አንዴ ሥራ፣ አንዴ ልጅ፣ አንዴ ሞተር። ተስፋ ቆርጬ ሳልናገር እየኖርኩ ሳለ ነው እንግዲህ በቀደም ራሱ ሱቄ ድረስ መጥቶ «ድንኳን እናስገጥምና እንሂድ። ምርጫው ያንቺ ነው» ያለኝ። ያን ቀን የሰፋሁትን ወንበር ገልብጬ ሰፍቼው ኖሮ ማታ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። ደስታ እንዲህ ያደርጋል።

ድንኳኑ እንደተገጠመ ፒክአፑን ሱቄ አመጣው። ከድንኳኑ ጋር የመጣው ፍራሽ ስስ ስለነበር ሌላ ስፖንጅ ጨመርኩበትና አዲስ ልብስ እሰፋለት ጀመር። ጋሼ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «በእግር በኩል ትንሽ ብታስረዝሚው» አለ።

«ለማን እግር?»

«ለኔ ነዋ። መዘርጋት እወዳለሁ።»

«አንተ የሚዘረጋ እግር አለህ እንዴ? በርጩማ ላይ ስትቀመጥ እንኳ መሬት አይነካልህም!» ብዬ ሳቅኩበት፤ እሱም ሳቀ፣ ግን ከአንገት በላይ ነበር። አስረዘምኩለት። ከዚያ በመሰላሉ በኩል፣ እኔ በምተኛበት ጎን፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ ኪስ ሰፋሁ። መነጽር ሳላደርግ እንኳን ሐይቅ የራሴን እጅ አላይም፤ ጠዋት ስነቃ እንዳልዳብስ ብዬ ነው። እንዳልረሳውም ትርፉን መነጽሬን ከነማኅደሩ ያኔውኑ ከተትኩት።

«ኪሱ ምን ያደርጋል? ይቅር» አለ ጋሼ።

«መነጽሬን የት ላድርገው ታዲያ፣ አፍንጫህ ላይ?»

ጋሼ ፊቱን አዙሮ ቡሎኖቹን መነካካት ያዘ። እኔም እንደልማዴ ፍራሹ ጥግ ላይ የሱቄ ስምና ስልክ ያለባትን ጨርቅ ሰፋሁ። ከእጄ የወጣ ነገር ሁሉ ያቺ ጨርቅ አለችበት፤ ለራሴም ብሰፋ እጄ አይተዋትም። ጋሼ ሁሉን አስቦ ያቺን ረሳ።

«ብረቱን ላስጠብቀው» ብሎ መኪናውን ይዞ ሄደ። እኔ ሻንጣዬን አሰናዳሁ። በካርቶን ላይ «መንገድ ሄጃለሁ» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለመስቀል ተዘጋጀሁ። ለሰፈሩ ሁሉ ለፍፌያለሁ። ጋሼ ግን አንዴ «መንገዱ ጭቃ ነው አሉ» ይላል፣ አንዴ «ወገቤን ይዞኛል» ይላል። ጎረቤቴ ጎማ ጠጋኙ በሬ ላይ እያለፈ «መርፌ፣ ሐይቁ እንዴት ነው? ውሃው ይቀዘቅዛል?» ሲለኝ ዋለ ከረመ። እኔም «ቅናት ይግደልህ» እለዋለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ክር ስለውጥ የፒክአፑን ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ ከሺህ ሞተር መሃል እለየዋለሁ። ሻንጣዬን ከጥጉ ብድግ አድርጌ «ጋሼ! መጣህልኝ!» እያልኩ ወጣሁ።

ከጋቢናው እየተጎነበሰ የወረደው ጋሼ አይደለም። ወገቡ እስከ ትከሻዬ የሚደርስ ረጅም ሰውዬ ነው።

«ይቅርታ፣ ይህን ፍራሽ የሰፉት እርስዎ ነዎት? አድራሻውን ጥጉ ላይ አግኝቼው ነው» አለኝ። በጣም ጨዋ ሰው ነው። «መኪናውን በቅርቡ ነው የገዛሁት። እጅዎ ይባረክ! የኔን ቁመት የሚችል ፍራሽ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም።»

ክው አልኩ። ሻንጣዬ እጄ ላይ እንዳለ ረሳሁት።

«ኪሱን ባለቤቴ ወድዳዋለች፤ በዚያኛውም በኩል አንድ ለሷ ቢሰፉልን ብዬ ነው» አለና ከሸሚዙ ኪስ መነጽሬን ከነማኅደሩ አወጣ። «ይሄ ውስጡ ነበር። የእርስዎ ይሆን?»

ተቀበልኩት።  «ወዴት ልትሄዱ ነው?» አልኩት።

ፊቱ በራ። «የሸጠልኝ ሰው አንድ መንገድ ነገረን። ተራራ ዞሮ ሐይቅ ዳር የሚያልቅ ነው። ‹የመጨረሻው ኩርባ ላይ ክላክስ አድርጉ፣ ወፎቹን ታያላችሁ› አለን። ነገ እንነሳለን።»

መኪናው ተሽጦ ቢሆን ብቻ እኮ አለቅስና ይወጣልኛል። ወፎቹን! ወፎቼን ጨምሮ ሰጣቸው።  ሰውዬው ምንም አላጠፋ፤ «መኪናውን ይተዉልኝ፣ ከሰዓት በኋላ ይምጡ፣ ይደርሳል» ብዬ ሸኘሁትና ስልኬን አነሳሁ።

«ና» አልኩት ጋሼን።

«ምነው፣ ደህና አይደለሽም?»

«ና ብዬሃለሁ!»

ሲመጣ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ሆኜ ሁለተኛውን ኪስ እየሰፋሁ ነው። መኪናውን ሲያይ እግሩ ሲቆም ሰማሁት።  ከዚያ መሰላሉ ሥር መጥቶ «መርፌ» አለ ቀስ ብሎ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት ሳልወጣ።

«ልነግርሽ ነበር፣ እናቴን።»

«እናታችንን ተዋት! ከመቼ ጀምሮ?»

«ድንኳን አስገጥምልኝና እወስደዋለሁ አለኝ… ሱቅ ከመሄዳችን ትንሽ ቀደም ብሎ።»

መርፌውን ሸራው ላይ እንደሰካሁ ተውኩት። «እዚያ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣሪያ ስፍቅ፣ አንተ መሰላል ይዘህ ስትስቅ፣ መኪናው ተሽጦ ነበር?»



«መኪናው አርጅቷል» አለ። «እኔም እንደዚያ ያለ መንገድ መንዳት አልችልም። ለከተማ የምትሆን ትንሽ መኪና ይሻለኛል። ድርሻሽን አስቀምጬልሻለሁ፣ አንዲት ነገር አላጎደልኩብሽም።»

«ድርሻዬን? ድርሻዬ እዚያ ማዶ ነው፣ ውሃው ዳር! ደክሞኛል ብትለኝ እኔ አልነዳም ነበር? ወይስ አሁንም አላደግኩም?»

«አፈር ስሆን፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! አባባስ ቢያንስ ‹ስታድጊ› ብሎ ነው ያስቀረኝ፣ ፊቴን እያየ። አንተ ግን የሰው ቤት አስመረጥከኝ። ‹የሰው ነው፣ ምረጪልኝ› ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር? መቼ እምቢ ብዬህ አውቃለሁ?»

«አትይኝም» አለ።  «ግን እንዲህ አድርገሽ አትመርጪውም ነበር። ለራስሽ ነው ብለሽ ስታስቢ ነው እንደዚያ… ሰውዬው ደግሞ ጥሩ ነገር ነው የሚፈልገው።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም።   ዚፑን ሳብኩና ዘጋሁበት። አንዴ ነው የሳብኩት፤ ያልተያዘ፣ ያልተንቀጫቀጨ፣ ጥሩ ዚፕ ነው።

ኪሱን አበላሽቼ ልሰፋው አሰብኩ። ክሩን ላላ አድርጌ ብተወው መንገድ ላይ ይተረተራል። ግን የሰውዬው ሚስት ምን አደረገችኝ? እጄም እምቢ አለ። ድርብ አድርጌ ሰፋሁት፤ ጫፉን ቋጠርኩት። ከዚያ በመሰላሉ በኩል፣ በራሴ ጎን፣ ለአንዴ ተጋደምኩ። ጉልበቴን ዘረጋሁ። ፍራሹ ይመቻል። እዚያው ተጋድሜ አለቀስኩ፤ ጋሼ ከታች «መርፌ፣ ክፈቺ» እያለ።

ረጅሙ ሰውዬ ሲመጣ ገና እዚያው ቆሞ ነበር። «ኦ! እርስዎም እዚህ ነዎት?» ሲለው ሰማሁ። «ባለሙያዋን ያውቋታል እንዴ?»

ጋሼ እኔን እየጠበቀ ነው። ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩና ዚፑን ከፍቼ ብቅ አልኩ። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ።

«አዎ» አልኩ። «ደንበኛዬ ነው።»

የወንድሜ ፊት ተለዋወጠ። መሰላሉን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ልጅ ሆኜ ከፒክአፑ ጀርባ ሲያወርደኝ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። እጁን ሳልይዝ ወረድኩ። መርገጫው ሰፊ ነው፤ ለጉልበቴ ብዬ እኔው ነኝ የመረጥኩት።