እስከ ንጋት የታሰረ መልእክት

«ዕዱ፣ በናትሽ ቤትሽ ግቢ። ፓቹን እኔ ረን አደርገዋለሁ» አለ የሥራ ባልደረባዋ ፉአድ ወንበሩን ወደ እሷ እያስጠጋ።

«ገብቼ ምን ላድርግ? እናቴ ፊት ተቀምጬ ልሳቅ?»

በአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ባለው ቢሮ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። ዕድላዊት ወደ ስክሪኗ ዞረች።

ወንድሟ ብሩህ ትናንት ማለዳ ከጀርመንታውን ወደ ሥራ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ይህን ጎረቤቶቹ ያውቃሉ፤ ሪቨርዴል ፓርክ ያሉት ዘመዶች ያውቃሉ፤ የአናንዴሎቹም ሰምተዋል። ያልሰማችው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እናቱ ብቻ ናት። የእድሩ ሽማግሌዎች መርዶ በሥርዓቱ ነው የሚነገረው ብለው ወስነዋል፦ ነገ ንጋት ላይ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሯ ተንኳኩቶ። እስከዚያ ድረስ አገር ሁሉ ተስማምቶ አንዲት አሮጊት ያታልል።

«ለልቧ አዝነን ነው፣ ልጄ» ብለዋት ነበር የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ንጉሴ።

ልጇ የሞተባት እናት ከሁሉም በኋላ የምትሰማበት ርኅራኄ ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው? ይባስ ብሎ የሞት ዜና ለእድሩ አባላት በስልክ የሚያደርሰውን ሲስተም የሠራችው ዕድላዊት ራሷ ነበረችና፣ የወንድሟን ስም በገዛ እጇ ጽፋ፣ ሽማግሌዎቹ ለእናቷ ከተናገሩ በኋላ እንዲላክ መልእክቱን አሰረችው።

ጠዋት እናቷ ደውላ ነበር።

«ብሩህ ስልክ አያነሳም። እስቲ አንቺ ሞክሪው።»

«ሥራ ላይ ይሆናል፣ እማዬ።»

«ሥራ ላይ ሆኖስ መቼ እናቱን ዘግቶ ያውቃል?»

የእድሩ ሲስተም የሚኖረው እዚሁ መሥሪያ ቤቷ ሰርቨር ላይ ነው፤ አለቃዋ በነፃ ፈቅዶላት። አንዱ ትልቅ ማሽን ዞን በሚባሉ ክፍሎች ተከፍሏል። እያንዳንዱ ዞን ራሱን የቻለ ማሽን ይመስለዋል፤ ግድግዳው ማዶ ሌላ መኖሩን አያውቅም። ሁሉንም የሚያየው ዋናው ዞን ብቻ ነው። ዛሬ አንድ የደኅንነት ማሻሻያ፣ ፓች የሚሉት ፓኬጅ፣ ለዋናው ዞንም ለደንበኞቹ ዞኖችም በሙሉ መጫን ነበረበት። ለዚህ ሥራ የሰው እጅ አያስፈልግም፤ አውቶሜሽኑ አንዴ ከታዘዘ እየዞረ ይጭናል።

ዕድላዊት የእድሩን ዞን እንዲዘለው አዘዘችው። ሲስተሙ ተዘግቶ በተነሳ ቁጥር ያደረ መልእክት ሁሉ ወዲያው እንዲወጣ ያደረገችው ራሷ ናት፤ የሰው ሞት ሳይነገር እንዳይቀር ብላ። ስለዚህ ዛሬ ማንም እንዲነካው አልፈለገችም። ትእዛዙን ሰጠች።

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመሮች ይወርዱ ጀመር። ተሳክቷል። ተሳክቷል። ተሳክቷል።

ጠረጴዛው ላይ ስልኳ ነዘረ። መልእክቱ ከእድሩ ነበር። የመጀመሪያው ቃል የወንድሟ ስም ነው።

አውቶሜሽኑ እንደታዘዘው የእድሩን ዞን ዘሎታል። ነገር ግን ዋናው ዞን ላይ የተጫነ ፓኬጅ፣ እዚያው ብቻ ይቅር ካልተባለ፣ በሥሩ ወዳሉት ሁሉ ይወርዳል። ፓኬጁ ወደ እድሩ ዞንም ወረደ፤ ሲስተሙን ዘግቶ አስነሳው። ይህን ሕግ ለፉአድ ያስተማረችው እሷ ነበረች። አሁን ፉአድ ስክሪኑን አይቶ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«የእማማ ቁጥር አለበት?»

ዕድላዊት የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ወጣች።

የወንዙን ድልድይ ስትሻገር ለእናቷ ደወለች። አይነሳም። ቤልትዌይ በሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ቆሟል። እንደገና ደወለች፤ አሁን ጭራሽ ጠፍቷል። ጋሽ ንጉሴ ደወሉ።

«ምን አደረግሽን፣ ልጄ?»

«እኔ ነኝ ያደረግሁት? እናንተ ናችሁ ያሳሰራችሁኝ!» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው ድምፅዋ ተሰበረ። «ጋሼ፣ እባክዎ… አሁን አይሂዱባት። መጀመሪያ እኔ ልድረስ።»

የእናቷ አፓርታማ አልተቆለፈም። እናቷ እታለማሁ ሶፋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ስልኩ ተዘግቶ በፊቱ ተደፍቷል። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃዋለች፤ ጥለቱ አገጯ ሥር ነው። ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር።

«እማዬ…»

«ዝም በዪ።»

ዕድላዊት በሩ ላይ ቆመች።

«ነገ ንጉሴ ይመጣል፣ አይደለም?»

ዕድላዊት አዎ በማለት ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው እሱ ይንገረኝ። ያኔ እጮሃለሁ።» እታለማሁ ትንፋሽዋን ሰበሰበች። «አንቺ ምንም አላልሽኝም። እኔም ያየሁት ነገር የለም። እስከ ነገ ልጄ ሥራ ላይ ነው። አንድ ሌሊት ብትተዉልኝ ምናችሁ ይጎድላል?»

ይህን ብላ ነጠላዋን ገፈፈችና፣ እንደ ደህናው ቀን መልሳ ልትለብሰው ዘረጋችው። ጥለቱ ግን ተመልሶ አገጯ ሥር ወደቀ። ደግማ ሞከረች። አሁንም ወደቀ።

ዕድላዊት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሄዳ ከፊቷ ተንበረከከች። ነጠላውን ከእጇ ተቀብላ ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ታች አውርዳ ትከሻዋ ላይ በጥንቃቄ አስተካከለችላት።