በማተብሽ

ደጉ ማተቡን በራሱ አሳልፎ ሲያወልቅ ፈትለወርቅ አይታለች። በመካከላቸው የነበረው ሦስት እርምጃ ብቻ ነው። «ተው» ማለት ይበቃ ነበር፤ አላለችም።

ቀኑ ረቡዕ ነበር፣ ሊነጋገሩበት የሚገባ ምንም ነገር የሌለው ተራ ረቡዕ። አርብ ገበያ ከሚገኘው ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ድሮ የእህል ማኖሪያ የነበረ ቤት ተለስኖ ለሕፃናት ተሰጥቷል። አሥራ አራት ናቸው፤ ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው። ክፍሉን በሃምሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ያስከፈተችው ፈትለወርቅ ናት። ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣች በዓመቷ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈች፤ በሦስተኛው ርእሰ መምህሩ አቶ መልአኩ «እንግዲህ እስከ ሰኔ እንየው» አሏት።

ረቡዕ ረቡዕ ልጆቹ ከየቤታቸው አንድ ነገር እያመጡ ለጓደኞቻቸው ያሳያሉ። አንዷ እንዝርት ታመጣለች፣ አንዱ የፍየል ቀንድ። የሸማኔው የእንድሪስ ልጅ ሩቅያ የአባቷን መወርወሪያ አምጥታ፣ ከዚያ ወዲያ ልጆቹ አንድ ሳምንት ሙሉ ሸማኔ ሲሆኑ ሰነበቱ። በክፍሉ ውስጥ እስላም እሷ ብቻ ናት። ይህን ለልጆቹ የነገራቸው ደጉ ነው፣ የጭቃ ሹሙ የባላምባራስ አንዳርጌ ልጅ።

«አንገትሽ ባዶ ነው» ይላታል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ። «ማተብ የሌለው ሰው አይታመንም። አባቴ ነው ያለው።»

ፈትለወርቅ ብትቆጣው ዝም ይላል፤ ዘወር ስትል ይደግመዋል። ስለዚህ በዚያ ረቡዕ «ዛሬ ከቤት ያመጣችሁትን አስቀምጡት» አለች። «በአንገታችሁ ያለውን እናያለን። ማን እንዳሰረላችሁ ተናገሩ።»

ዓለሚቱ ክርስትና እናቷ ያሰሩላትን ጥቁር ክር አሳየች። አንዱ የብር መስቀሉን አፉ ውስጥ ቢከት ሳቁበት። ደጉ ሰማያዊና ጥቁር የተገመደ ረጅም ማተቡን እስከ እምብርቱ ጎትቶ «ቄሱ ናቸው ያሰሩልኝ፣ በአርባ ቀኔ። አላለቀስኩም» አለ።

«አልቅሰሃል» አለች ዓለሚቱ።

«አንቺ የት ሆነሽ አየሽ?»

ሩቅያ ቀስ ብላ ከቀሚሷ ሥር በቆዳ የተሰፋ፣ ጣት የሚያህል ነገር አወጣች። «ሒርዝ ነው። ሼኹ ናቸው የጻፉልኝ። ውስጡ ጽሑፍ አለ።»

«ጽሑፉ ምን ይላል?» አለ ደጉ።

«አላውቅም፤ ተሰፍቷል።»

«ታዲያ መኖሩን በምን አወቅሽ?»

ሩቅያ አሰበች። «የአንተስ ክር ማተብ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ልጆቹ ሳቁ፤ ደጉም ሳቀ። እየሳቀ ማተቡን አወለቀና «እንኪ፣ እሱን ስጪኝ፣ ልየው» አላት። ፈትለወርቅ አፏን ከፍታ ነበር። ነገር ግን ደጉ ያቺን ልጅ ሳይሰድብ ሲያናግራት የመጀመሪያ ቀኑ ነበርና ቃሉን ዋጠችው። ሩቅያ ወደ እሷ ዞራ «እትዬ፣ ይመለስልኛል?» ብላ ጠየቀች።

«ይመለሳል» አለቻት ፈትለወርቅ።

ደጉ ሒርዙን፣ ሩቅያ ማተቡን በየአንገታቸው አጠለቁ፤ ልጆቹ እንደዚያው ሆነው መዝሙር ጀመሩ። አቶ መልአኩ ስለ ወሩ ሪፖርት አስጠሯትና ሄደች። ደወል የሆነው ብረት ሲመታ ገና እሳቸው ዘንድ ነበረች። ስትመለስ እናቶች ልጆቻቸውን ወስደዋል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ነገ መልሰው ይለዋወጣሉ ብላ በሩን ዘጋች።

በአሥር ሰዓት ገደማ የደጉ እናት ወይዘሮ ካሣነሽ የልጇን እጀ ጠባብ ልትቀይር ስታወልቅ ጩኸቷ እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ። «የንጉሥ ያለህ! ልጄን አሰለሙብኝ!»

*

ሐሙስ ጠዋት የሕፃናቱ ክፍል በሰንሰለት ተቆልፎ አገኘችው። አቶ መልአኩ ቢሯቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር፤ አስገብተው ዘጉ።

«ባላምባራስ የሚሉትን ስሚ» አሉ ዝግ ብለው። «ልጅቱ ከትምህርት ቤት ትውጣ፤ እንድሪስ ደግሞ ቤቱን የሠራው በእኔ መሬት ላይ ነው፣ ከነገው ገበያ በፊት ይነሣ። ካልሆነ ነገ ገበያተኛው ፊት ቆሜ እናገራለሁ ብለዋል። ነገ ስንት ሺህ ሰው እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ዱላ ያልያዘም የለ።»

«ልጅቱ ምን አደረገች?»

«እሱን ልነግርሽ ነው። አንቺ እኔ ዘንድ ነበርሽ። ልጆቹ ብቻቸውን ነበሩ። ያች ልጅ ከአንገቷ አውጥታ አጠለቀችለት፣ የሱንም ወሰደችበት። አንቺ አላየሽም።»

«እሷ አይደለችም ያጠለቀችለት።»

«አላየሽም አልኩሽ እኮ! ያላየሽውን በምን ታውቂያለሽ?»

አቶ መልአኩ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «አንዲት ልጅ ናት» አሉ። «አሥራ ሦስቱ ይቀሩልሻል። አይቼ ዝም አልኩ ካልሽ ግን ክፍሉም የለ፣ አንቺም የለሽ። ለደብረ ታቦር ትምህርት ጽሕፈት ቤት እኔ ምን ብዬ ልጻፍ? አስቢበት። ስድስት ሰዓት ላይ ሽማግሌ ይቀመጣል።»

*

ሽማግሌው የተቀመጠው በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከወይራው ሥር ነው። በመካከል መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ አሉ። ከድጓው ማስመስከሪያ ከቤተ ልሔም ለተዝካር መጥተው ሊመለሱ በቅሏቸው ተጭና ሳለ ነው ባላምባራስ ለምነው ያስቀሯቸው። የአካባቢው ቄስ ሁሉ ወይ እሳቸው ዘንድ ተምሯል፣ ወይ ከእሳቸው ደቀ መዝሙር። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚናገረውን ሰው በጆሯቸው ነው የሚያዩት።

ባላምባራስ አንዳርጌ ቆመው ተናገሩ። ጠመንጃቸውን ቤት ትተው መምጣታቸውን ሁለት ጊዜ አነሡ። «ልጄ ማተቡ ተፈትቶ የእስላም ነገር ታስሮበት ገባ። እናቱ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ንጉሥ ይሙት፣ ይህ በድንገት የሆነ አይደለም! ቤታቸው መክረው ልጅቱን ልከዋታል።»

«እድሜዋ ስንት ነው?» አሉ መሪጌታ።

«አምስት» አለ እንድሪስ። ከሁሉም ርቆ፣ ፀሐዩ ላይ ነበር የቆመው። ጥላው ሥር ና ያለው የለም።

«አምስት ዓመቷ ነው፤ መከረች?»

«እሷማ ምን ታውቃለች፣ የኔታ! ትላልቆቹን ነው የምለው።»

አቶ መልአኩ ተነሥተው ያዘጋጁትን ተናገሩ፤ መምህርቷ ቢሮ ነበረች፣ ልጆቹ ብቻቸውን ነበሩ፣ የሸማኔው ልጅ አጠለቀችለት። ሲጨርሱ ወደ ፈትለወርቅ አላዩም።

«ማተቡስ የት ደረሰ?» አሉ መሪጌታ።

እንድሪስ ወደፊት መጣ። ከእቅፉ ገና ከሽመና እንጨቱ የወረደ፣ ውኃ ያልነካው ነጭ ሸማ አውጥቶ መሬት ላይ ዘረጋው። በመካከሉ የደጉ ማተብ እንደ ነበረ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «ሚስቴ ስታየው ደነገጠች» አለ። «በባዶ እጇ ብትይዘው ድፍረት እንዳይሆንባት በጨርቅ ይዛ አወለቀችው። ከዚያ ወዲያ የነካው የለም። ሸማውንም አብራችሁ ውሰዱት።»

መሪጌታ ክሩን በጣታቸው ፈልገው አገኙት፣ ተሳለሙት፣ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እንድሪስ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም።

«የልጄስ፣ ጌታዬ?» አለ።

«የምኑን?» አሉ ባላምባራስ።

«ሒርዟን ነው። በልጅዎ አንገት ላይ የነበረውን።»

ባላምባራስ ወደ ዛፉ ቀና አሉ። «እሳት ውስጥ ከተትኩት። ምን ላድርገው? በጨርቅ ልጠቅልለው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። እንድሪስ እጆቹን ተመለከተ፣ ሸማው ላይ የተጣበቀች ጭራሮ አነሣ፣ ጣላት። ፈትለወርቅ ግን የሰማችው የራሷን ድምፅ ነው፤ *ይመለሳል*።

«እስቲ አንዳርጌ» አሉ መሪጌታ፣ «በክንድህ ያሰርኸው ምንድን ነው?»

«ክታብ ነው። የኔ የሚካኤል ነው፣ የኔታ! እንዴት ከዚያ ጋር—»

«የማን ነው አላልኩህም። ሰው እሳት ውስጥ ቢከትብህ ምን ታደርጋለህ ልልህ ነበር። ተወው፣ ተቀመጥ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፈትለወርቅ መለሱ፤ ትንፋሿን ሰምተው ይሆናል። «ልጄ፣ ማተብ አለሽ?»

«አለኝ፣ የኔታ።»

«አውጪው።»

አወጣችው። ክሩ ከቀሚሷ ጥልፍ ጋር ተያዘባት።

«በማተብሽ ይዤሻለሁ። ያየሽውን ተናገሪ። ያላየሽውን አትጨምሪ።»

አቶ መልአኩ ሳል አሳላቸው። ፈትለወርቅ ሰው በተሰበሰበበት ተናግራ አታውቅም፤ ማሠልጠኛ ሳለችም ለንግግር ስትጠራ ትታመም ነበር። ስለዚህ የሒሳብ ጥያቄ እንደሚመልስ ልጅ በተራ በተራ ተናገረች።

«በአንገታችሁ ያለውን አሳዩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ደጉ ማተቡን ራሱ አወለቀ። ስጪኝ ልየው ብሎ የለመናትም እሱ ነው። እሷ ይመለስልኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይመለሳል አልኳት። ከዚያ ሰጠችው። ይህ ሁሉ ሲሆን ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። አቶ መልአኩ ያስጠሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

ባላምባራስ ብድግ አሉ። «አይተሻል? እያየሽ? አንቺ ክርስቲያን ነሽ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ አፍሽን ምን ያዘው?»

«ሁለት ሳምንት ሲሰድባት ነበር። ትናንት ግን እየሳቀ ጠየቃት። ሳቁን ላቋርጥበት አልፈለግሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መሪጌታ ዱላቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱ።

«ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጾም እንኳ አይቆጠርበትም፤ ሃይማኖት ለወጠ ልትሉኝ ነው? ልጁን ነገ በማለዳ ጠበል ይረጩት፣ ማተቡን ይሰሩለት፣ እናቱም እህል ትቅመስ። ለሕፃን ጨዋታ ሰው ከቤቱ አይነሣም። ገበያ ውስጥም ይህን የሚያነሣ ካለ ግዝት ነው፤ አንተንም ጭምር፣ አንዳርጌ።»

«ልጅቱስ?» አሉ ባላምባራስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምን አጠፋች?»

«እንግዲያው ያጠፋችው ትሂድ» አሉ ባላምባራስ ወደ ፈትለወርቅ እያመለከቱ። አቶ መልአኩ ቸኩለው «ደብዳቤ ዛሬውኑ እጽፋለሁ» አሉ። መሪጌታ ይህን አልተቃወሙም። በቅሏቸውን አስመጥተው ተነሡ።

*

ሰው ሲበተን እንድሪስ ሸማውን ሳያነሣ ሄደ። ፈትለወርቅ እስከ ግቢው በር ተከተለችው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ሰኞ ክፍሉ ይከፈታል። መልሱ ከደብረ ታቦር እስኪመጣ እኔም አለሁ። ሩቅያን ይላኳት።»

«ከትናንት ጀምሮ ‹እትዬ ይመለሳል ብላኛለች› እያለች ነው» አለ። «ተቃጠለ ብዬ ልንገራት?»

«እኔ እነግራታለሁ።»

እንድሪስ ፊቷን ተመለከተ። የቁጣ ፊት አልነበረም፤ ደከም ያለ ነበር። «አትናቁን አልልም፣ ለምደነዋል። ግን ያቺ ልጅ ብቻዋን ስትቀመጥ ማየት አልችልም። ከእንግዲህ አጠገቧ የሚቀመጥ ማን ነው?»

መልሷን ሳይጠብቅ ሄደ።

አርብ ገበያው እንደ ወትሮው ዋለ። ገብስም አህያም መጣ፤ ዱላ ያነሣ አልነበረም። ነገር ግን ከእንድሪስ ሸማ የገዛ ሰው ጥቂት ነው።

ሰኞ ሰንሰለቱ ተፈታ። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ መጡ። ደጉም መጥቷል፤ ባላምባራስ «ቦታው የልጄ ነው፣ የምትነሣ ካለች እሷ ትነሣ» ብለው ልከውታል። አዲሱን ማተብ በራሱ እንዳያልፍ አሳጥረው ስላሰሩለት አንገቱን እያከከ ነው። ከሩቅያ በቀር ስምንቱ ልጆች በሁለት አግዳሚ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ እናቶቻቸው ምን ብለው እንደላኳቸው መጠየቅ አያሻም። ሦስተኛው አግዳሚ ባዶ ነው።

እንድሪስ ልጁን እስከ በሩ አድርሶ ቆመ። አልገባም፤ እጇንም አልለቀቀም። ወንበሮቹን አየ።

ፈትለወርቅ ተንበርክካ ለሩቅያ ቀስ ብላ ነገረቻት። ልጅቱ ሰማች። አላለቀሰችም። «ሁሉም ተቃጠለ? ጽሑፉም?» አለች።

«ጽሑፉም። ይመለሳል ማለቴ ልክ አልነበረም።»

ሩቅያ አባቷን ቀና ብላ አየችው። እሱ እጇን ሲለቅ ብቻዋን ገብታ በባዶው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠች። ፈትለወርቅ ከፊት የነበረውን መጽሐፍና ጠመኔዋን አነሣች፤ መጥታ ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጠች። አግዳሚው ዝቅ ያለ ነበርና ጉልበቷ ደረቷ ድረስ መጣ። አንድ ልጅ ፈገግ አለ።

አቶ መልአኩ በመስኮቱ ብቅ አሉ። «ወይዘሪት ፈትለወርቅ፣ ቦታሽ ከፊት ነው።»

«ከዚህም ይሰማል» አለች።

«ደብዳቤው ላይ ይህንንም ልጨምረው ነው?»

«ይጨምሩት።»

እሳቸውም ዞሩና ሄዱ። ደጉ አንገቱን እያከከ ወደ ኋላ ዞሮ «እትዬ፣ እዚያ ሆነሽ እንዴት ታስተምሪናለሽ?» አላት።

«ሁላችሁም ወደዚህ ዙሩ» አለች ፈትለወርቅ።

ልጆቹ እግራቸውን በአግዳሚው ላይ እያሻገሩ፣ እየተጋፉ፣ አንዱ እየወደቀ ዞሩ። እንድሪስ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉም ዞረው እስኪጨርሱ ጠበቀ፤ ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ።