ሽንኩርት የሌለበት ዱባ

ዱባ ስጪው ነው እናቷን ያለቻት፣ ሌላ አላለችም፣ ቅቅል የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም፣ ሀዊ የጠዋቱን ስልክ በሐሳቧ ደጋግማ ትሰማዋለች፣ እማዬ ለሻምበል ዱባ ስጪው፣ ለማን? ለውሻው! ዱባ! ሆዱ ስለደረቀ ይጠቅመዋል ብሏል ሐኪሙ! ጆሮዋ ለከበዳት እናት አጭር ተናግሮ መዝጋት ይቀላል፣ ዘጋች። እናቷ ደግሞ ጾም ላይ ናት፣ እዚያ ቤት በጾም ዱባ ማለት ዱባ ወጥ ነው፣ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ዘይቱ።

መገናኛ። ታክሲው አይሞላም። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው፣ ይላል ረዳቱ፣ አንድ ሰው ከየት ይምጣ፣ በቃ ንዳው በለው እባክህ።

የቢሮ ጓደኛዋ ወንጌል ባትጠይቃት አሁንም ወንበሯ ላይ ነበረች። ውሻችሁ ተሻለው? አዎ፣ ዱባ አሰጥቼዋለሁ። ሽንኩርት የለበትም አይደል? እንደ ዋዛ ነው የጠየቀችው፣ ሽንኩርት እኮ ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው ሀዊዬ፣ ደማቸውን ነው የሚያበላሸው፣ የአክስቴ ውሻ እንኳን... ሀዊ የአክስትየዋን ውሻ መጨረሻ መስማት አልቻለችም፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ትደውላለች። ይጠራል። አይነሳም። እናቷ ስልኩ መጥራቱን የምታውቀው ሻምበል ሲጮህ አይታ ነው፣ በር ሲንኳኳ ይጮሃል፣ ከጫካው ጅብ ሲወርድ እግሯ ሥር መጥቶ ይጮሃል፣ አባዬ ካረፈ ወዲህ ከድመቷ ሌላ እዚያ ቤት ያለው እሱ ነው፣ ታዲያ ስልኩ ሲጠራ ለምን ዝም አለ? ተኝቶ ነው። ውሻ በቀን ይተኛል። ይህን ያህል ግን አይተኛም።

ወራጅ አለ!

ከየካ ሚካኤል በላይ ዳገቱን በቢሮ ጫማ ትያያዘዋለች፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያንሸራትታታል፣ ከተማ ውረጂና ከኔ ጋር ኑሪ ስላት ሻምበልስ ብላ አይደል እምቢ ያለችኝ፣ ገደልሽው ብላ ብታየኝስ፣ አትልም፣ እማዬ እንዲህ አትልም፣ ዝም ነው የምትለው፣ ዝም ካለች ደግሞ...

በሩን ትገፋዋለች። ባዶ ግቢ።

ከጓሮ በኩል ሻምበል ጭራውን እየቆላ ይመጣል። አለ። እሰይ፣ አለ! አንገቱን ታቅፋ መሬት ትቀመጣለች፣ እናቷ ጎመን ይዛ ከኋላው ብቅ ትላለች፣ ውይ፣ በሰላም ነው በዚህ ሰዓት? እማዬ፣ ምን አበላሽው! ዱባ ነዋ፣ ቀቅዬ፣ ልጣጩንና ፍሬውን አውጥቼ፣ ጨው እንኳ አልነካው፣ በማንኪያ ትንሽ ነው የሰጠሁት፣ ሆዱን ለሚያመው ውሻ ወጥ ይሰጣል እንዴ?

ሀዊ ትስቃለች፣ እንባዋም ይመጣል፣ ሞኝ፣ ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ።

ወጡንማ ድመቷ ናት የጨረሰችው፣ ትላለች እናቷ፣ ለምሳዬ ያወጣሁትን፣ ሽንኩርቱን ሳይቀር ላሰችው እኮ፣ ደስ ሲላት ብታያት!

ድመቷ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች።

ሐኪሙ ዶክተር ኢታና ወዲያው ያነሳል፣ መቼ ነው የበላችው? ብዙ ነው? ድመት ከውሻም ትብሳለች፣ ትንሹም ይጎዳታል፣ ቤት ውስጥ ላስመልሳት እንዳትይ፣ አሁን ደህና ብትመስልሽም አትዘናጊ፣ ምልክቱ ቀናት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል፣ ድዷ ይነጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል፣ ቶሎ አምጫት።

ሀዊ የድመቷን ከንፈር ፈልቀቅ ታደርጋለች። ሮዝ ነው። አሁን ሮዝ ነው።

ምን አለሽ? እናቷ አፍ አፏን ታያለች፣ ፈገግታዋ ጠፍቷል፣ ምን አለሽ ልጄ፣ ጎዳኋት እንዴ?

ለእናቷ ማንኛውም ነገር በጩኸት ነው የሚነገረው፣ ይሄ ግን እንዴት ይጮሃል፣ አዎ ጎዳሻት ተብሎ እንዴት ይጮሃል፣ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ፣ እሱስ እንዴት ይጮሃል። ድመቷን ዘንቢል ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ ታስቀምጣለች፣ ለእናቷ ክንዷን ትሰጣታለች፣ ነይ እማዬ፣ ቶሎ ነው የደረስንባት! ቶሎ ነው! እናቷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አመነቻት፣ ቁልቁለቱን ይጀምራሉ፣ ዘንቢሉ ውስጥ ድመቷ አንዴ ታለቅሳለች፣ ቶሎ ይሁን፣ አምላኬ፣ እንዳልኳት ቶሎ ይሁን፣ ቀስ በይ እማዬ፣ ድንጋይ አለ።