የሰማታር ሰዓት ማሰሪያ

የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ለሰዓቱ የቆዳ ማሰሪያ አይገዛም። ቆዳ ላብ ይጠጣል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ይበጣጠሳል። በጃንሆይ ጊዜ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በአባቷ በሰዓት ሠሪው በአቶ ጥሩሰው ሱቅ ማሰሪያ ትሸጥ የነበረችው አስካለማርያም ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ለመጣው ሁሉ ብረት ትመርጥለታለች። ለሰማታር ብቻ ቆዳ።

«ለዚች ሰዓት ብረት አይሆናትም» ትለዋለች። «ፊቷ ትንሽ ነው፤ ብረት ይከብዳታል። ቡናማ ቆዳ ነው የሚያምርባት።»

ውሸቷን አልነበረም። ያቺ ጠርዟ የሳሳ የስዊስ ሰዓት ቡናማ ቆዳ ሲደረግላት ሙሽራ ትመስላለች። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ አስካለ የምትመርጠው ለሰዓቷ ሳይሆን ለራሷ ነበር። ሰማታር የጅቡቲን ባቡር ይነዳል። ቆዳው ሲበሰብስ ሱቋ ይመጣል። ብረት ብትሸጥለት ምን ሊያደርግ ይመጣል?

እሷ ክርስቲያን፣ እሱ እስላም፤ እሷ ዓይን አፋር፣ እሱ ከእሷ የባሰ። ታዲያ ቆዳው እስኪበሰብስ ከመጠበቅ ሌላ ምን አላት? የባቡሩ ጡሩምባ ከጣቢያው በተሰማ ቁጥር ሥራዋን ትታ በር በሩን ታያለች። ትናፍቀው ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ የሰኔ ቀን፣ ምድሩ እንደ ምጣድ በጋለበት ሰዓት፣ መጣ።

«ይኸው ተበጠሰ፣ አቦ!» ብሎ እጁን ባንኮኒው ላይ ዘረጋላት።

ማሰሪያውን ስትፈታ ደነገጠች። ከሥሩ እጁ ተልጦ፣ ዙሪያውን ቆስሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምንም አይደል፣ ላብ ነው። እንደ በፊቱ ቡናማውን ስጪኝ።»

አስካለ አፈረች። የእሷ ናፍቆት የሰው እጅ ሲበላ ኖሯል! ቡናማውን ትታ የብረቱን አወጣች። ትርፍ አንጓዎቹን ነቅላ፣ አንጓ ከአንጓ የሚያያይዙትን ሚስማሮች አጥብቃ መትታ፣ በእጁ ልክ አደረገችለት።

«ቆዳ ከእንግዲህ ይቅር» አለችው፣ እንባዋ እንዳይታይባት አቀርቅራ። «ይሄ አይበሰብስም። ዕድሜ ልክህን ይኖራል። መመላለስ የለብህም፤ ትገላገላለህ።»

ሰማታር እጁን አየ፤ እሷን አየ።

«አንቺ ካልሽ እሺ» አለና ከፈለ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «ጅቡቲ ጓደኞቼ በዚህ ሙቀት ቆዳ የሚያስር ጅል ነው እያሉ ይስቁብኛል። ወላሂ፣ ከመጀመሪያው አውቃለሁ እኮ። ለእኔ ግን ቆዳው ይሻለኝ ነበር።»

ወጣ።

አስካለ የተበጠሰውን ማሰሪያ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ነገሩ ሲገባት ሰማታር ከመንገዱ ዳር ዛፎች ጥላ ሥር ወደ ጣቢያው እየራቀ ነበር። እያወቀ ነው ሲያስር የኖረው። እሷ ደግሞ በገዛ አፏ አትምጣብኝ አለችው። ሮጣ በሩ ላይ ወጣች፤ ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች። ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ቀና ብለው አዩዋት። ከኋላዋ፣ ሱቁ ውስጥ ሰዓት የሚጠግኑት አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በጠራራ ፀሐይ ወንድ በስሙ የምትጠራ ልጃገረድ! አፏን መልሳ ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ ባቡሩ በጮኸ ቁጥር ያ ብረት እንዲበጠስ ፈጣሪዋን ትለምናለች። ግን ሚስማሮቹን የመታቻቸው ራሷ ናት፤ አጥብቃ ነው የመታቻቸው።