ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ዳንግላ በሚገኘው የሙደሲር ጌም ቤት የነበርነው የቤቱ ባለቤት ሙደሲር፣ ታላቅ ወንድሜ ይሄነው፣ እንግዳው የሚባል የባጃጅ ሾፌር፣ እኔ፣ እንዲሁም አግዳሚ ወንበሮቹን ሞልተው እስከ በሩ የተጨናነቁ የሰፈር ሰዎች ነን። ሰው የተሰበሰበው ይሄነው ገደልን ሲሻገር ለማየት ነበር።

ገደል የድሮ ጌም ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ የሰፈሩ ልጆች ያወጡለት ስም ጸንቶ ቀረ። ይሄነው ልጅ ሳለ፣ የሙደሲር አባት ሱቅ ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ ባለ ኪቦርድ ኮምፒውተር ነበር። ካሴት ይሰካበትና ልጆች በተራ ይጫወታሉ። ጌሙ ውስጥ አንድ ትንሽ ሰው ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ እየዘለለ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ድልድይ አለ። የድልድዩ ሳንቃዎች እግር ሲነካቸው ይወድቃሉ። የቸኮለ አይደርስም፣ የዘገየም አብሮ ይወርዳል። ያን ድልድይ የተሻገረው ይሄነው ብቻ ነበር። ያኔ እኔ አልተወለድኩም። ካደግሁ በኋላ ግን ሰዎች የማን ልጅ እንደሆንኩ ይጠይቁኝና «አሃ፣ የገደሉ ይሄነው ወንድም» ይሉኝ ነበር።

ያ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ከተጣለ ቆይቷል። እኔ በሙደሲር በረንዳ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ በሰጠኝ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ የድሮ ጌሞች አገኘሁ፤ ገደልም አብሮ ነበር። ስክሪኑ በተሰበረ ላፕቶፕ ላይ ኢሙሌተር ጫንኩ። ኢሙሌተር አዲሱን ኮምፒውተር እንደ አሮጌው እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ከዚያ ላፕቶፑን ከሙደሲር ትልቅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጋር አያያዝኩት። ኔትወርክ ሲጠፋ የስልክ ጌሞች ስለሚቆሙ ወጣቱ ሁሉ ወደዚህ ዞረ፤ ቤቱም ሞላ።

ይሄነው ለፋሲካ ከመተማ የመጣው ከስቶና ወባ ይዞት ነበር። ለዓመታት በየሰው ሰሊጥ እርሻ ላይ ሲሠራ ኖሯል። ሙደሲር የልጅነት ጓደኛው ስለሆነ ሊጠይቀው ቤታችን መጣ።

«ኢንጅባራ ቤት ተከራይቻለሁ» አለው። «ጌም ቤቱን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ያንተ ስም ደግሞ ከማስታወቂያ ይበልጣል።»

«ስሜ እኮ አርጅቷል።»

«ጌሙም አርጅቷል። እሑድ ሰው ፊት ተሻገርና ቁልፉን ውሰድ።»

እናታችን ስሜነሽ ይህን እንደሰማች ይሄነው ወደ መተማ ልብሱን የሚይዝበትን ጆንያ አጠበችና ድንች ሞላችበት። ከእንግዲህ መተማ የለም ማለቷ ነበር። ይሄነውም ጆንያውን ተሸክሞ ጓዳ አስገባላት።

እሑድ ዕለት ባለ ቁልፍ መጫወቻውን በእጁ ሲይዝ ሰው አንገቱን አስግጎ ተጠጋ። የመጀመሪያዎቹን ቋጥኞች አለፈ። ከዚያ ወደቀ። ደግሞ ሞከረ፤ ወደቀ።

«ቀስ በሉ አባባ፣ ገደል ነው» አለ አንዱ ከበሩ ላይ።

«መቋሚያ አቀብሉት።»

ይሄነው ፈገግ አለ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ግን ፈገግታው ጠፋ። ትንሹ ሰው ከመጀመሪያው ሳንቃ ላይ ወደቀ፤ በሚቀጥለውም ዙር እዚያው ወደቀ። የጣቱን አጫጫን አያለሁ፤ ቁርጥ ያለ ነው። ሰውየው የሚዘለው ግን ጣቱ ካረፈ በኋላ ቆየት ብሎ ነው።

ይህን ከበፊቱም አስተውዬው ነበር። የድሮ ቴሌቪዥን የመጣለትን ምስል ወዲያው ያሳያል። ጠፍጣፋው ግን ምስሉን አስተካክሎ እስኪያወጣ ይዘገያል። ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ለፊልም ምንም አይደለም። የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ አንድ በአንድ ሞክሬ ሊጠፋልኝ አልቻለም። እዚህ የለመዱት ልጆች ሳያውቁት እጃቸውን ከእሱ ጋር አስማምተዋል። የወንድሜ እጅ የተማረው በሌላ ቴሌቪዥን ነው። እሱ የሚያየው ሳንቃ ከወደቀ ቆይቷል።

ጎንበስ ብዬ በጆሮው «ጋሼ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። ቴሌቪዥኑ ይዘገያል» አልኩት።

«ዝም በል» አለኝ።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልወድም። ያን ቀን ግን ተነሥቼ ተናገርኩ። ድምፄ እምብዛም አልወጣ አለኝ።

«ምን አለ?» አሉ ከኋላ።

«ቴሌቪዥኑ ዘግይቶ ነው ይላል።»

«ዳኛውም ጉቦ በልቷል በለው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሙደሲር ብቻ አልሳቀም። «አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ የገጠምከው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ።

ከዚያ እንግዳው እንዲሞክር ጠሩት። እንግዳው የባጃጅ ወረፋ ሲጠብቅ የሚውለው እዚሁ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ» ብሎ መጫወቻውን ከወንድሜ እጅ በሁለት እጁ ተቀበለ። ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ተሻገረ። ሰዎች ትከሻውን መቱት።

ሙደሲር ይሄነውን እስከ በሩ ሸኘው። «ወባው እጅህን ጎድቶታል» አለው። «ሌላ ነገርም ካለ አንተው ታውቃለህ።» አረቄ ማለቱ እንደሆነ በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ገባቸው።

«ወባው ነው» አለ ይሄነው።

በማግስቱ አጠገባችን ወዳለችው ከተማ፣ አዲስ ቅዳም፣ ሄድኩ። አጎታችን ወገኔ ከሰል ነጋዴ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ጀርባው ትልቅ የሆነ የድሮ ቴሌቪዥን ጨርቅ አልብሶ አስቀምጦ ነበር። ለምኜ ወሰድኩት። ሚኒባስ ላይ ከጎኔ አስቀምጬ፣ ለእሱም ሂሳብ ከፍዬ ይዤው መጣሁ። ላፕቶፑን ሙደሲርን አስፈቅጄ አመጣሁና ምስሉን ለድሮ ቴሌቪዥን የሚቀይር መሣሪያ ፈልጌ ቤታችን ገጠምኩት።

ይሄነው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። «ተወኝ» አለ።

«ልጁ እኮ ተሸክሞት ነው የመጣ» አለችው እናታችን።

ተነሣ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ መጫወቻውን ያዘ። ቋጥኞቹን ሳይቆም አለፋቸው። ድልድዩ ላይ ትንሹ ሰው አንዱ ሳንቃ ሲወድቅ ሌላው ላይ እያረፈ ተሻገረ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረና ደግሞ ተሻገረ።

«አለቀ?» አለች እናታችን።

«አለቀ።»

ሮጬ ሙደሲርን ጠራሁት። ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ገባና ከእናታችን አጠገብ ተቀመጠ። ይሄነው በእሱም ፊት ተሻገረ። ሙደሲር ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«እሱ ነው» አለ። «ልክ እንደ ያኔው ነው።»

«ግን ለኢንጅባራ የገዛሁት ጠፍጣፋውን ነው» አለ ቀጥሎ። «ደንበኛ ይህን ሣጥን አይቶ አይገባም። ቤቱን እንደሚይዝም ለእንግዳው ቃል ሰጥቼዋለሁ። ባጃጁን ለባለቤቱ መልሷል።»

«ይህን ቴሌቪዥንም መውሰድ ይቻላል» አልኩት። «ውድድር ሲኖር ብቻ ይከፈታል።»

«ሰውስ? ሰው እሑድ ዕለት አይቷል። ቴሌቪዥን ተሸክሜ በየቤቱ ላስረዳ?» ድምፁ ክፋት የለበትም። ወደ እናታችን ዞረ። «እማማ፣ ይፍረዱኝ፤ ነጋዴ ነኝ።»

«ልክ ነህ» አለው ይሄነው እናታችንን ቀድሞ። መጫወቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ሙደሲር ከወጣ በኋላ ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። «ባታመጣው ይሻለኝ ነበር» አለ። «እጄ አልቋል ብዬ እኮ ተቀብዬው ነበር። አሁን ምን ብዬ ልቀበለው?»

ገመዶቹን ነቃቅዬ ጠቀለልኳቸው።

በሰኔ መጀመሪያ ለሰሊጥ እርሻ ሠራተኛ የሚጭን መኪና መጣና ይሄነው ወደ መተማ ሄደ። በዚያው ሳምንት እንግዳው የኢንጅባራውን ጌም ቤት ከፈተ፤ ኢሙሌተሩን ሄጄ የጫንኩለት እኔ ነኝ።