የአለቃ መርፌ

ከተማችን ሙዚየም የማይከፍትለት ነገር የለም። ለድሮ መድኃኒት ቤት ሙዚየም አለን፣ ለመጠጥ አለን፣ ለቀብር ሙዚቃ አለን፤ አንድ ሰውዬማ ጓሮው ውስጥ ለአሮጌ የበር እጀታ ከፍቶ ቲኬት ይቆርጣል። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሙዚየም ያልተሠራለት የኔ ትዕግሥት ብቻ ነው። አልሲድን የሚያህል ባል ችሎ የኖረ ሰው ቢያንስ አንድ ክፍል ከነመብራቱ ይገባው ነበር።

አልሲድ የነጭ ሽመላ ጭፍራ አለቃ ነው። በቅበላው ማክሰኞ፣ በማርዲ ግራ ማለዳ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ላባና ዶቃ ለብሶ እንደ ቀይ ህንዶች አለቃ ይወጣል፤ ጭፍራው ከበሮ እየደለቀ ይከተለዋል። አያቶቻችን ከባርነት ሲያመልጡ ጫካ ውስጥ ያስጠጓቸውን ሰዎች የምናከብረው እንዲህ ነው። ሌላው ከተሜ የካርኒቫል ልብሱን ከሱቅ ገዝቶ ይወጣል፤ የኛ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይሰፋል። ከሁሉ የሚያምረው ደግሞ የኔ ባል ነው። ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ዓይን ስላለኝ ነው።

ሕጋችን ጥብቅ ነው። ያምና ልብስ ዘንድሮ አይለበስም፤ ተፈትቶ ዶቃው ለአዲሱ ይውላል። ከወገብ ወደ ጉልበት የሚወርደውን ሽርጥ ደግሞ ከአለቃ መርፌ በቀር የሚነካው የለም። ሚስት ላባ ትለጥፋለች፣ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች፣ ቡና ታቀብላለች፤ ሽርጥ ግን አትወጋም። ጎንበስ ማለትም የለም። ሁለት አለቆች መንገድ ላይ ሲገናኙ የጎነበሰው «አንተ ታምራለህ» ብሎ አመነ ማለት ነው፤ ወሬው ልጅ ልጁ ድረስ ይከተለዋል።

ዘንድሮ ማርዲ ግራ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሽርጡ ግማሽ ባዶ ሸራ ነበር። የአልሲድ ቀኝ አውራ ጣት አልታዘዝም ብላለች። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ በሽታ ነው አለ፤ አልሲድ ደግሞ ቅናት ነው አለ። የማን ቅናት እንደሆነ ግን አልነገረንም። መርፌዋን ይይዛታል፣ ትወድቃለች። እኔ አነሳለታለሁ፣ ይይዛታል፣ ትወድቃለች። አንድ ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ትቶ ባርኔጣውን አደረገ።

«ተነሺ፣ ሙዚየም እንሂድ» አለኝ።

«የቱ? የበር እጀታው?»

«ልብሴ ያለበት።»

ከተማችንን ከዋጠው ከታላቁ ጎርፍ በኋላ ባለው ዓመት የሰፋውን ልብስ አልፈታውም ነበር። ከተማችን አለቀላት ሲባል የሰፋው ስለሆነ አንጀቱ አልቆርጥ ብሎት፣ በፈረንሳዮች ሰፈር ላለው የታሪክ ሙዚየም በውሰት ሰጠው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ሄዶ አይቶት አያውቅም። በሕይወት ያለ ሰው የራሱን ሐውልት አይጎበኝም ይል ነበር።

«ምን ልታደርገው?» አልኩት።

«ሽርጡን ወስጄ ልለብሰው።»

«አሮጌ? አንተ? አብደሃል እንዴ!»

«ማን ያውቀዋል? ያኔ ግማሹ ሰው ተሰዶ ነበር።»

«ክሊዮፈስ ያውቀዋል።»

ክሊዮፈስ ከካናል ጎዳና በላይ ያለው ጭፍራ አለቃ ነው፤ አልሲድ የታች ሰፈር፣ እሱ የላይ ሰፈር። በየማርዲ ግራው ፊት ለፊት ተገናኝተው ይሰዳደባሉ፣ ይፎካከራሉ፣ አንዳቸውም ጎንበስ ሳይሉ ይለያያሉ። የላይ ሰፈር ሰዎች ዶቃውን አስተኝተው ሥዕል ይሠሩበታል። የኛ ደግሞ ይቆማል፤ ወፉም ዛፉም ከሸራው ተነስቶ ይወጣል።

«ካልወጣሁ ሽመላው ሞተ ይባላል፣ ዜልማ» አለ አልሲድ። «ባላምርም እወጣለሁ።»

ባላምርም! ይህ ቃል ከአልሲድ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ቦርሳዬን አንስቼ ተከትዬው ወጣሁ።

ሙዚየሙ ውስጥ ልብሱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆሟል። ላባው ነጭ፣ ዘውዱ ነጭ፣ ሁሉም እንደ ድሮው። አልሲድ መነጽሩን አውጥቶ ጠጋ አለና በመዳፉ መስታወቱን ደበደበው።

«ይሄ ምንድን ነው? ጎሽ? እኔ ጎሽ እሰፋለሁ?»

እውነቱን ነው። ሽርጡ ላይ የተኛ ጎሽ አለ፤ ልጥፍ ያለ የላይ ሰፈር ሥራ። ደልፊን የምትባል የሙዚየሙ ልጅ እየሮጠች መጣች።

«አለቃ፣ እባክዎ፣ መስታወቱን…»

«ልጄ፣ የሰው ቀሚስ አልብሰሽ አደባባይ አቆምሽኝ እኮ!»

ልጅቷ መዝገቧን ስታይ ቆየችና ፊቷ ቀላ። ክሊዮፈስም ያኔ ልብሱን ለሙዚየሙ አውሶ ኖሯል፤ የሁለቱም የተቀመጠው አንድ መጋዘን ውስጥ ነበር። ክሊዮፈስ ቤቱ ውስጥ የራሱን ሙዚየም ሲከፍት የራሱን መልሶ ወሰደ። ሽርጦቹ ያኔ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ዛሬውኑ ሰው ልላክ ብላ ለመነችው።

«የኔን ሽርጥ የማመጣው እኔ ነኝ» አለ አልሲድ። የተናደደ እለት ቁመቱ ይጨምራል። በትራም ካናል ጎዳናን ተሻግረን ወጣን።

የክሊዮፈስ ቤት ጠባብና ረጅም ነው፤ ከፊት ያሉት ሁለት ክፍሎች ሙዚየም፣ ከኋላ ያለው ማድ ቤት። ሰኞ በኛ ከተማ የቀይ አደንጓሬ ቀን ነውና ድስቱ ምድጃ ላይ ይንተከተካል፤ ሽታው ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን።

«ክፍት ነው፣ ጫማችሁን ጥረጉ!» አለ ከውስጥ። ብቅ ብሎ ሲያየን ማንኪያውን እንደያዘ ቆመ። «እሰይ! ሽመላ መንገድ ስቶ መጣ?»

«መንገድ የሳተው ሽርጤ ነው፣ አንተ ሌባ!»

«ቀስ በል፣ ሽማግሌ፣ ቤቴ ውስጥ እንዳትወድቅብኝ። መግቢያ ለአረጋውያን በግማሽ ዋጋ ነው።»

«አረጋዊ አባትህ!»

«ሚስ ዜልማ፣ አንቺ በነፃ ግቢ። ከዚህ ሰውዬ ጋር መኖር ራሱ ክፍያ ነው።»

ይሄን ሰውዬ አልወደውም፤ ግን አስተያየቱ ልክ ነው።

የክሊዮፈስ ልብሶች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ግን አንድ ነገር ብቻ ተሰቅሏል፤ ከላዩ የራሱ መብራት በርቶለታል። የአልሲድ ሽርጥ ነው። ሽመላው ከጎርፉ ውሃ ሲነሳ ክንፉ ከሸራው ወጥቶ ሊበር ይላል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «የነጭ ሽመላው አለቃ የአልሲድ ሥራ» ይላል። አልሲድ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«የኔ እንደሆነ እያወቅክ ለምን አልመለስክልኝም?» ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«መጥተህ እስክትጠይቀኝ ነዋ። ስንት ዓመት ጠበቅኩህ! ልብሱን ሄዶ የማያይ አለቃ የት ይገኛል?» ክሊዮፈስ ወደ ግድግዳው ቀረበ። «ይሄ ክንፍ እንዴት እንደሚቆም ለማወቅ ስንት መርፌ ሰበርኩ መሰለህ። ከሥሩ ካርቶን የለም፣ ጥጥ የለም። ዶቃ በዶቃ ላይ ነው። ደርሼበታለሁ።»

«አልደረስክም።»

«ደርሻለሁ አልኩህ!»

«እንግዲያው አውርድልኝ። ማርዲ ግራ ልለብሰው ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አሮጌ?» አለ ክሊዮፈስ። ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ አልሲድ ቀኝ ኪስ ሄደ፤ እጁ ከዚያ አልወጣም ነበር። «እጅህን አሳየኝ።»

«እጄን ለሐኪም ነው የማሳየው።»

አልቻልኩም። «አውራ ጣቱ እምቢ ብላዋለች» አልኩ። «ግማሹ ባዶ ሸራ ነው።»

«ዜልማ!»

«ዝም በል! ምስጢር ይዤ ልፈነዳ ነው እንዴ?»

የክሊዮፈስን ሳቅ ጠበቅኩ። ቢስቅ ያንን ድስት ራሱ ላይ ልደፋው ቆርጬ ነበር፤ በአምላክ ስም እውነቴን ነው። እሱ ግን ሄዶ እሳቱን አጠፋና ተመለሰ።

«አልሰጥህም» አለ።

«የኔ ነው!»

«ያንተ ነው፤ ግን አሮጌ ነው። አንተ አሮጌ ለብሰህ ከወጣህ እኔ ማንን ላሸንፍ ነው የምወጣው? እነዚህን ዶቃ በሙጫ የሚለጥፉትን የዛሬ ልጆች?» መነጽሩን ካንገቱ አንስቶ አደረገ። «ሽርጥ ከአለቃ መርፌ በቀር አይነካውም፤ ሕጉ ይሄ አይደል?»

«ነው።»

«የትኛው አለቃ እንደሆነ ይናገራል?»

አልሲድ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ሲሸነፍ ማየት ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን ግን ማልቀስ አማረኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ ክሊዮፈስ በቤታችን የጓሮ በር እየገባ ይሰፋ ጀመር። የሌላ ጭፍራ ሰው ልብስን ከማርዲ ግራ በፊት አያይምና ሌላውን በሙሉ በአንሶላ ሸፈንኩት፤ ከሽርጡ በቀር አንዲት ላባ አላየም። መቼም ሲጨቃጨቁ!

«አጠበቅከው፤ ወፍ ነው እንጂ ጆንያ አይደለም።»

«አንተ ዝም ብለህ ዶቃ አቀብል።»

«አለቃን ዶቃ አቀብል? በገዛ ቤቱ?»

«እሺ፣ ጌታዬ፣ ዶቃ ያቀብሉኝ።»

አልሲድ ቢጨነቅም ክንፉ ሲቆም አየሁት። ክሊዮፈስ በእርግጥ ደርሶበታል። የቱ ጋ የባሌ እጅ እንዳበቃ፣ የቱ ጋ የሱ እንደጀመረ እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳንል ተማማልን።

የማርዲ ግራ ማለዳ አልሲድ ከቤታችን በር ሲወጣ መንገዱ ጮኸ። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ! ጎረቤት ሁሉ አጨበጨበ። ከአውራ ጎዳናው ድልድይ ሥር ስንደርስ የክሊዮፈስ ጭፍራ በወዲያ በኩል መጣ፤ እሱ እሳት የመሰለ ብርቱካናማ ለብሷል። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፈለ።

«ዞር በል!» አለ ክሊዮፈስ። «ዶሮህን ይዘህ ወደ ቆጥህ ግባ!»

«ሽመላ ቆጥ አያውቅም! አንተ ነህ ብርቱካን ሻጭ የመሰልከው!»

ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። ክሊዮፈስ መልስ ሊሰጥ ሲል ዓይኑ ሽርጡ ላይ ቀረ። እኔም ያኔ አየሁት፤ ከታችኛው ክንፍ አንድ ክር ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። አልሲድ አንዴ ቢራመድ ዶቃው በሙሉ ሊረግፍ ነው። ክሊዮፈስ በትሩን ለጭፍራው ሰጠና መጣ። ከነዘውዱ፣ ከነላባው፣ ባሌ እግር ሥር ተንበረከከ። ክሩን ቋጠረ፣ በጥርሱ ቆረጠ።

«ጎነበሰ! ክሊዮፈስ ጎነበሰ!»

ድልድዩ ሥር ያለው ሰው ሁሉ አበደ። የገዛ ጭፍራው ከበሮ አቆመ፤ ከመሃላቸው አንዱ ጎረምሳ ፊቱን አዞረበት። ክሊዮፈስ ተነስቶ ቆመ። የገዛ ሥራዬን ነው ያስተካከልኩት ብሎ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይድን ነበር። አልተነፈሰም። ምሎልናላ።

አልሲድም ዝም ቢል ከዚያ ቀን ጀምሮ በላይም በታችም ሰፈር ስሙ ብቻውን በቆመ። ባሌን አውቀዋለሁ፤ ከምግብ ሙገሳ ይመርጣል።

በትሩን አነሳ።

«አልጎነበሰም!» አለ። «ይሄን ክንፍ የሰፋው እሱ ነው። ጣቴ እምቢ ብላኝ ቤት ልቀር ነበር፤ በመርፌው አወጣኝ። የተንበረከከው ለሥራው ነው። የሚስቅ ካለ እኔ ፊት ይሳቅ!»

የሳቀ የለም። ክሊዮፈስ የላባው አቧራ ገብቶበት እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኑን ያብሳል።

«አፈ ሰፊ» አለው። «ለምን ትማማላለህ ታዲያ?»

«እሺ፣ ማን ነው ያማረው?» ብሎ ጮኸ አንዱ ከሕዝቡ መሃል።

«እኔ ነኛ!» አለ አልሲድ፣ ክንዱን ዘርግቶ ዞር እያለ። «ሁለት አለቃ የሰፋለት ሌላ ማን አለ?»