ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ

«ለቅሶ ቤት የጎማ መፍቻ ታጥቀህ ነው የተቀመጥከው?» አለች አክስቱ፣ ከኮቱ ሥር መንጭቃ ያወጣችውን ብረት ደረቷ ላይ አቅፋ።

«አምጪው።»

«አላመጣም። መጀመሪያ እኔን ምታኝ፣ ከዚያ ውሰደው።»

«አክስቴ፣ ለጠብ አይደለም።»

«ታዲያ ዕንባ ልትጠርግበት ነው?»

ብረቱን ፍራሹ ላይ አጋደመችና እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተመቻችታ ተቀመጠችበት። ለቀስተኛ ሲገባ ሌላው ሁሉ ብድግ ሲል እሷ ቁጭ እንዳለች እጇን ብቻ ትዘረጋለች። ሰዉ ሐዘኑ ጉልበቷን ሰብሮት ነው ብሎ አዘነላት።

ታናሽ ወንድሙ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ሟቹ ለአንድ ዳቦ ቤት በነጭ ቫን ዳቦ ሲያከፋፍል አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ከታች አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፎ ስለነበር መሪውን ጠመዘዘና ከአንድ መጋዘን የድንጋይ ግንብ ጋር ተላተመ። ከእሱ በቀር ማንም አልተጫረም።

ግንቡ ከታላቅየው ጋራዥ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። ታላቅየው ድምፁን የሰማው ሌላ መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ ነው። ሮጦ ሲደርስ የሾፌሩ በር ተጨማዶ አልከፈት አለው፤ በብረት ፈለቀቀው። ወንድሙን ብብቱ ሥር ይዞ ሲጎትት ደረቱ ውስጥ የተሰባበረ ነገር ሲንቋቋ በእጁ ተሰማው። ዳቦው አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፤ ግማሹ ደም ጠጥቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጁን ምን ላይ እንደሚያሳርፈው አያውቅም።

ሰፈሩ ታላቅየውን ክሪክ ይለዋል። በጉብዝናው ወራት አንዲት ትንሽ መኪና ጎማዋ ተቀይሮ እስኪያልቅ በትከሻው ደግፎ ቆሟል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እሱ አላስተባበለም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ለጋራዥ ጥሩ ነው። አሁን ግን ያ ትከሻ የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወንድሙ ከሦስት ሳምንት በፊት የእሱን ጋራዥ ትቶ ከወንዙ ማዶ ወዳለ መካኒክ ሄዷል። መካኒኩ ሲሠራ ሬዲዮ እንኳ ስለማይከፍት ዝምተኛው የሚሉት ቀጭን ሰው ነው።

«መኪናዋን መጨረሻ ላይ የነካው ማነው?» ይላል አንዱ ለቀስተኛ፣ የቡና ብርጭቆውን አፉ ላይ እንደያዘ።

«ያ የማዶው ነዋ።»

«እንግዲህ የሥጋ ወንድሙን ትቶ...» ይላል ሌላው፣ ነገሩን ሳይጨርስ አንገቱን እየነቀነቀ።

ክሪክ ሁሉንም ይሰማል። በሰማ ቁጥር ጥርሱ ይፋጫል። የሟች ሚስት ግን ጥጉ ላይ ቁጭ ብላ ከቀብር ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሲነግሯት ትሰማለች፤ ሲሰጧት ትቀበላለች፤ የተቀበለችውን ሳትቀምስ ታስቀምጠዋለች።

ሟቹ መጠየቅ ይወድ ነበር። ቫኗን የተረከበ ዕለት ደብተር ገዝቶ ዘይት የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር፣ ጎማ የዞረበትን ቀን፣ የፍሬን ሸራው ስንት ሚሊ እንደቀረው ሳይቀር መጻፍ ጀመረ። ኮፈን ተከፍቶ ካየ ማለፍ አይችልም። «ይሄ ምን ይሠራል? ባይኖርስ?» ይላል። ዳቦ ቤቱ ውስጥ መኪና የገዛ ሁሉ እሱን ነው የሚያማክረው።

«ጋራዥ ስትመርጡ ግድግዳውን አትዩ» ይላቸዋል። «አንድ ነገር ጠይቁት። የፈታውን ዕቃ አምጥቶ እያሳየ ካስረዳችሁ፣ ጥሩ። አላውቅም፣ ልየው ካላችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። ስትጠይቁት የሚቆጣ ከሆነ ግን ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።»

ይህን ምክር ሰዎች ለክሪክ እየሳቁ ነገሩት። እሱም አብሮ ሳቀ። ውስጡ ግን አረረ፤ ስትጠይቀው የሚቆጣ መካኒክ ማን እንደሆነ ያውቃላ።

ክሪክ ዘይቶቹን የሚያስቀምጠው ባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ነው። የሞተሩም፣ የመሪውም፣ የፍሬኑም አንድ መደርደሪያ ላይ ይሰለፋሉ፤ አንዱም ላይ ስሙ አልተጻፈበትም። «እኔ በአፍንጫዬ ነው የማነበው» ይል ነበር። ሃያ ዓመት አንድም ቀን አልሳተም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ወንድሙ ቫኗን ለምርመራ አመጣ። ክሪክ የፍሬን ዘይቷ ትንሽ ጎድሎ አየና አንዱን ጠርሙስ አንስቶ ክዳኑን ፈታ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፍሬን ዘይት።»

«በምን አወቅክ?»

ሠራተኞቹ ቀና አሉ። ጥግ ላይ የቆመ አንድ ደንበኛ ፈገግ አለ፤ ወይም ክሪክ እንደዚያ መሰለው።

«ምን አልክ?»

«አይ፣ ሁሉም ቢጫ ነው ብዬ ነው። ምልክት ብታደርግበት እኮ...»

ቡጢው ቃሉን አላስጨረሰውም። ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ መደርደሪያውን ይዞ ቆመ። ክሪክ በዚህ አልበቃውም። ኮሌታውን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አጣበቀውና በመዳፉ ደገመው። «በሰው ፊት ልታዋርደኝ! አሳድጌህ! እኔን!» ከዚያ ለቀቀው፤ ከዚያው ጠርሙስ ቀድቶ ሞላ፤ ኮፈኑን በኃይል ዘጋው። ወንድሙ አገጩ ላይ የወረደውን ደም በእጅጌው ጠርጎ ቁልፉን ተቀበለና ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ክሪክ ሁለተኛ ቡናውን ይዞ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሦስት ወንበር አልፎ አዋላጇ አለች፤ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን በእጇ የተቀበለች፣ በዚያች አሮጌ ሰማያዊ መኪናዋ የማትደርስበት ቤት የሌለ ሴት ናት። ከእሷ ቀጥሎ የዳቦ ቤቱ ሌላው ሾፌር አለ። አዋላጇ ምጥ የያዛት ሴት እንደምትጠብቃትና መሄድ እንዳለባት ለአክስቱ እየነገረች ነበር።

በሩ ተገፋ። ዝምተኛው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ።

«እግዜር ያጽ...» ከማለቱ ክሪክ ላዩ ላይ ነበር። ብርጭቆውን እንደያዘ ነው የመታው። ብርጭቆው ጉንጩ ላይ ተሰበረና ሁለቱም ወንበሮቹ ላይ ወደቁ። ሴቶቹ ጮኹ። ክሪክ ከላይ ሆኖ ፊቱን መታው፤ አፍንጫው እጁ ሥር ሲሰበር ሰማው፤ ደጋግሞ መታው። ገላጋዮች ትከሻውን ሲጎትቱ በእጃቸው ውስጥ እየተወራጨ ጎኑን ረገጠው። ዝምተኛው እጁን እንኳ አላነሳም። በኋላ ሲያስበው ክሪክን ከሁሉ ያስፈራው ይሄ ነው፤ ሰውየው ዱላ ሊቀበል እንደመጣ ሰው ተጋድሞለት ነበር።

«ልቀቁት፤ ይናገር» አለ አንድ ድምፅ። የሟች ሚስት ቆማለች።

አራት ወንዶች ክሪክን ከግድግዳው ጋር ያዙት። ዝምተኛው ተነሥቶ ተቀመጠ። ደሙን መሬት ላይ ላለመትፋት ኮፍያው ውስጥ ተፋ።

«ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለእሱ ምታኝ፣ ይገባኛል። ግን ፍሬኑን አልነካሁም። ከዚያ በፊት የሞተር ዘይት ብቻ ነው የቀየርኩለት። የዚያን ዕለት ጠዋት ፔዳሉ ይዞ እየቀረ አስቸገረኝ ብሎ መጣ። ስከፍተው ዘይቱን አፍነው የሚይዙት ጎማዎች፣ ጎሚኒዎቹ፣ በሙሉ አብጠዋል። ፍሬን ዘይት ውስጥ የመሪ ዘይት ተቀላቅሎበታል።»

«ውሸት» አለ ክሪክ።

ዝምተኛው ከደረት ኪሱ መርፌ የሌለው ስሪንጅ አወጣ። ውስጡ ቢጫ ነገር አለ። «ውሃ ስጡኝ።»

ውሃ በብርጭቆ መጣለት። «ፍሬን ዘይት ከሆነ ውሃው ውስጥ ይጠፋል። ይሄን አንተም ታውቃለህ። ይሄ ከወንድምህ መኪና የቀዳሁት ነው።» ጠብ አደረገው። ጠብታው አልጠፋም። ተንሳፈፈና እንደ ሾርባ ቅባት ውሃው ላይ ተዘረጋ።

ክሪክ ዓይኑን ከብርጭቆው መንቀል አቃተው። ወንዶቹ መያዛቸውን ትተው እንደነበር እንኳ አላወቀም።

«ሁሉም ጎሚኒ እስኪቀየር መኪናዋ እዚሁ ትደር አልኩት» አለ ዝምተኛው። «እምቢ አለኝ። ወንድሜ ከዚያ ጠርሙስ ሌላ ሰው መኪና ላይ ሳይጨምር ልድረስበት አለ። በእግርህ ሂድ ብለውም፣ እሱ ሳያይ አያምንም፣ መኪናዋን ራሷን ከፍቼ አሳየዋለሁ አለ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው አለኝ። ልከለክለው ይገባኝ ነበር።»

«ለምን አልደወለም?»

ክሪክ ይህን የጠየቀው መልሱን እያወቀ ነው። ያን ጠዋት ስልኩ አራት ጊዜ ጠርቷል። አራቱንም ጊዜ የወንድሙን ስም አይቶ መልሶ ኪሱ ከትቶታል። ይለምነኝ፣ ብሎ ነበር። ትንሽ ይለምነኝ።

ያን ጊዜ ቢጮህ፣ ፀጉሩን ቢነጭ፣ ሰዉ ያዝንለት ነበር። ዝም ብሎ ቢቀመጥም ነገሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ተድበስብሶ በቀረ፤ ዝምተኛው ወሬ የሚያበዛ ሰው አይደለም። ክሪክ ግን በልቡ መኪና መቁጠር ጀምሮ ነበር። ከዚያ ጠርሙስ ከወንድሙ ሌላ ለአምስት መኪና ቀድቷል። ሁለቱ ደጅ ቆመዋል። አዋላጇ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቁልፏን ስትፈልግ አያት።

«እትዬ፣ መኪናዋን እንዳይነዷት።»

«ለምን?»

ያ የለመደው ንዴት ጉሮሮው ድረስ መጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለዚህች ቃል የሰጠው መልስ ይኸው ንዴት ነው። ዋጠው።

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር» አለ።

ማንም አልገባውም። እንደገና ጀመረ። አፍንጫው ተዘግቶ እንደነበር፣ ጠርሙሶቹ ላይ ምንም እንዳልጻፈ፣ ወንድሙ ስለዚያው ጠርሙስ ቢጠይቀው ደሙ እስኪፈስ እንደመታው፣ ከዚያ ዓይኑ እያየ ያንኑ እንደቀዳበት ተናገረ። «ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከእኔ ጋ ፍሬን ዘይት ያስጨመራችሁ አምስት ናችሁ። ቁልፋችሁን ስጡኝ። ለሌሎቹ አሁኑኑ እደውላለሁ።» እጁን ዘረጋ።

አዋላጇ እጁን አየችው። በደም ተለውሷል። ቁልፏን ጨበጠችና ወደ ደረቷ አስጠጋችው። የዳቦ ቤቱ ሾፌርም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። ክሪክ እጁን እንደዘረጋ ቆመ።

የሟች ሚስት መጥታ መሐላቸው ገባች። የራሷን መዳፍ ዘረጋች። አዋላጇ ቁልፏን እዚያ ላይ አኖረችው፤ ሾፌሩም አስከተለ። የሟች ሚስት ሁለቱን ቁልፎች ወስዳ ዝምተኛው ጉልበት ላይ አስቀመጠችለት። አዋላጇን ከለቀስተኞቹ አንዱ በራሱ መኪና ይዟት ሄደ።

ክሪክ ለሦስቱ ደወለ። ሦስቱም አነሡ። ለአንዱ ሁለት ጊዜ፣ ለአንዷ ሦስት ጊዜ ማስረዳት ነበረበት፤ አስረዳ። ሲጨርስ ስልኩ በደም ተጨማልቆ ነበር። አክስቱ ከፍራሹ ጥግ ላይ ታለቅሳለች። ሰዉ ከአጠገቡ ወንበር አንድ ሁለት እያለ ሸሽቷል።

የሟች ሚስት ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እጅዎን ያምጡ፣ ወንድምጋሼ።»

ሰጣት። መዳፉ ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ ተሰንቅሯል። እጁን ጉልበቷ ላይ አጋድማ በጥፍሯ ትፈልገው ጀመር።

«ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

ስባሪውን በአውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ተጫነችው። ቀስ ብላ፣ እስከ አጥንቱ ድረስ።

«አሁንስ?»

«አሁን ያመኛል» አለ።

መጫኗን አላቆመችም፤ ግን ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕንባዋ መጣ። ከዚያ ጎንበስ አለችና ስባሪውን በጥርሷ ነክሳ አወጣችው።